ጸልይለት፣ ክኒኑን ግን አታስጥለው

ነቀምት

ውድ ወንድሜ፣

   ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ከጭቃ ሳላቅቅ ይመሻል።

በስልክ ልንነጋገርበት የሞከርነውን ነገር በወረቀት ላድርገው ብዬ ነው። በስልክ ስንጀምር ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወይ አንዳችን እንዘጋዋለን ወይ ኔትወርኩ ይቆርጠናል፣ ዋናው ጉዳይም ሳይነገር ያድራል። ሲመችህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

«እናንተ የአእምሮ ሐኪሞች እርስ በርሳችሁ እንኳ አትስማሙም፤ አንዱ በሽታ ነው ያለውን ሌላው አይደለም ይላል። ታዲያ ታናሻችንን በምን ልብ ነው ዕድሜ ልኩን ክኒን የምታስውጡት?» አልከኝ። ጥያቄው ከአንተ የሚጠበቅ ነው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ያልገባህን ነገር ዝም ብለህ አትቀበልም። ስለዚህ ነርስ ለአስታማሚ በምትናገርበት ቋንቋ አልመልስልህም። ሙያዬ ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ሳልደብቅ፣ እህት ለወንድሟ እንደምትናገረው እነግርሃለሁ።

እውነትህን ነው፣ አንስማማም። ወባ የያዘው ሰው ሲመጣ ከጣቱ ጠብታ ደም ወስደን በማይክሮስኮፕ እናያለን፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ታናሻችንን የያዘው ስኪዞፍሬኒያ ግን በደም ምርመራም በራጅም አይወጣም። በሽተኛውን እሰማለሁ፣ አስታማሚውን ለብቻው እጠይቃለሁ፣ ለሳምንታት እከታተላለሁ፣ ያየሁትን ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። በእንዲህ ያለ ሥራ ስህተት የለም የሚልህ ሰው ካለ አትመነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሮዘንሃን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አንድ ጽሑፍ አወጣ። እሱን ጨምሮ ስምንት ጤነኛ ሰዎች «ድምፅ ይሰማኛል» እያሉ 12 የአእምሮ ሆስፒታሎች ገቡ፤ ከተኙ በኋላ እንደ ወትሯቸው ሆኑ። ያም ሆኖ በአማካይ 19 ቀን ቆዩ፤ ሲወጡም «በሽታው ጋብ ብሎለታል» ተባለላቸው እንጂ «ቀድሞም ጤነኛ ነበር» ያላቸው አልተገኘም። ጽሑፉ የሙያውን ቅስም ሰበረ። በ2019 ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ የድሮ ሰነዶቹን አገላብጣ፣ ሮዘንሃን የጻፈው ብዙው ነገር ከሰነዱ ጋር እንደማይገጥም የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣች። ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። ከሁለቱም በፊት በ1961 ቶማስ ሳስ የሚባል ሰው፣ የአእምሮ በሽታ የሚባለው ነገር ተረት ነው፣ ያለው የኑሮ ችግር ነው ብሎ ጽፏል። ሳስ እንደ አንተ ሰባኪ አልነበረም፤ የአእምሮ ሐኪም ነበር።

የሐዘኑ ክርክር ደግሞ ለእኛ ቤት ቅርብ ነው። አባባ ያረፈ ጊዜ እማ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳለህ። ቡና በተፈላ ቁጥር የሱን ስኒ ቀድታ በሚቀመጥበት በኩል ታኖርለት ነበር። እህል አይወርድላትም፣ እንቅልፍ የላትም፣ ከሰው መሀል ተቀምጣ ከሰው ጋር የለችም። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ዲኤስኤም የሚባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ሰው የሞተበትን ሰው ሁለት ወር እስኪያልፈው ድረስ ድብርት አለበት ብላችሁ አትፈርጁት ይል ነበር። በዚያ ዓመት አምስተኛው እትም ሲወጣ ያ አጥር ተነሣ፤ ምልክቶቹ ከተሟሉ ሁለት ሳምንት ይበቃል ተባለ። የደገፉት ሰዎች፣ ሐዘን የሸፈነው ድብርት ሰው ይገድላል፣ ለምን ሁለት ወር እናስጠብቀው ነው የሚሉት። የተቃወሙት ደግሞ የሰውን ልጅ ለቅሶ በሽታ አደረጋችሁት አሉ። እኔ በዚህ ነገር ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። እማን ያነሣት ጎረቤት ነው፤ ሴቶቹ በየተራ ቡና እያፈሉ፣ ማታ ማታ አብረዋት እያደሩ፣ ሲመረራት እያስለቀሱ፣ ሲበዛባት እየተቆጡ አቆሟት። ለእሷ ካርድ ባወጣላት ኖሮ ያንን ሁሉ ሰው ከደጇ እመልስባት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ድብርት የሚመጣው አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ ነው እየተባለም ብዙ ዘመን ተሰብኳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍ የምትባል እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስባ አይታ፣ ይህን የሚያረጋግጥ የጸና ማስረጃ አላገኘሁም አለች። ሌሎቹ ወዲያው መለሱላት፤ ምክንያቱ አለመታወቁ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም አሏት። አየህ፣ መድኃኒቱን ከማብራሪያው መለየት ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ሳይታወቅ ሰው ያዳነ መድኃኒት ብዙ ነው።

ሌላም አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ ከካማሺ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ነቀምት ሲገባ ከተማው ምን እንደመሰለ ታውቃለህ። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ወለጋ ያየችውን አንተም በዓይንህ አይተሃል። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ሰው ሌሊት ሲባንን፣ በር ሲንኳኳ ሲደነግጥ፣ መመሪያችን ለዚህ የበሽታ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ዲኤስኤም የገባ ስም ነው፤ ከቬትናም የተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች ጉዳይ ነው ያስገባው። ዴሬክ ሰመርፊልድ የሚባል ሐኪም በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ተነሥቶ፣ ይህ ስም ተፈጥሮ ያመጣው ሳይሆን ሰው የፈጠረው ነው፣ በጦርነት የተጎዳ ሕዝብ የሚፈልገው ኑሮውን መልሶ ማቋቋም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው የተኙትን እናቶች ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ስለ እንቅልፋቸው አልነበረም፤ ስለ ጠፋ ልጅ፣ ስላልተቀበረ ባል፣ ማሳ ላይ ስለቀረ በቆሎ ነበር። ለእነሱ የሰመርፊልድ ቃል ልክ ነው። ከተፈናቃዮቹ መካከል ግን ሁሉ ነገር ከተረጋጋ፣ ቤትም ከተገኘ በኋላ፣ ሰው ሲመጣ አልጋ ሥር የሚገባ አባወራ ነበረ። እሱን ጊዜ ይሽርሃል ብዬ አልሸኘሁትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምነግርህ፣ ጥርጣሬህን ከእኔ ይልቅ ከባዕድ ሰው እንዳትሰማው ነው። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ግን አብሬህ አልሄድም። ሐኪሞች ስለ ድንበሩ መጨቃጨቃቸው፣ ከድንበሩ ማዶ አገር የለም ማለት አይደለም። ሐዘን የት አብቅቶ ድብርት የት እንደሚጀምር ልንከራከር እንችላለን። ታናሻችን ያለበት ቦታ ግን ድንበሩ ላይ አይደለም።

በእሱ ዕድሜና በእሱ ሁኔታ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ በእኛው አገር ተጠንቷል። ቡታጅራ ዙሪያ ባለው ገጠር ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ዞረው ጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ያን ጊዜ በዓለም ጤና ድርጅት በተሠራ ጥናት ምክንያት አንድ እምነት ተስፋፍቶ ነበር፤ በድሃ አገር ያለ ስኪዞፍሬኒያ በሀብታም አገር ካለው በተሻለ ይድናል፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ይፈውሰዋል የሚል። እኔም ይህን ነገር ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለ እኛ የተነገረ በጎ ነገር ማን ይጠላል? የቡታጅራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ። ከታማሚዎቹ ሲሶው ያህል በሽታው አንድም ቀን ሳይለቃቸው የቆዩ ናቸው። በተከታዮቹ ዓመታት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ደህና ሆነው የቆዩት ከመቶ ስድስት አይሞሉም። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2015 ያወጡት የአሥር ዓመት ክትትል፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ግማሾቹ የሞቱት ሌላውን ሰው ሐኪም ቤት ወስዶ በሚያድነው በተላላፊ በሽታ ነው። ከሌሎቹም ራሳቸውን ያጠፉ፣ አደጋ የደረሰባቸው፣ ሰው የገደላቸው ብዙ ናቸው። ወንድሜ፣ ሠላሳ ዓመት! ታናሻችን ገና ሃያዎቹን አልጨረሰም።

ስለ መድኃኒቱ ያልከው ሁሉ ግን እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድህም። ምላሱ ተሳሰረ፣ ለሀጩ ይወርዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል፣ «ወንድማችን የለም፣ ጥላው ነው ያለው» አልከኝ። ይህ የሚወስደው ሃሎፔሪዶል የሚያመጣው ነገር ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔ አለው። መጠኑ ይቀነሳል፣ አርቴን ይታከላል፣ ካልሆነም ወደ ሪስፔሪዶን ይቀየራል፤ ሪስፔሪዶን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ያወፍራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አምጥታችሁት፣ «እንዲህ ሆነብን» ብላችሁ ስትነግሩን ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት የወሩ መርፌ እንደተቋረጠበት አውቃለሁ፤ ያ የእናንተ ጥፋት አይደለም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን የተመለሰው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ተራራው ጸሎት ቤት ነው፤ እዚያም መድረክ ላይ ቆሞ ክኒኑን እንዲጥል ተነገረው፣ ጉባኤው እልል አለለት።

«ዕድሜ ልኩን» ላልከውም መልስ አለኝ። በዚህም አንስማማም። ሆላንድ ውስጥ ሌክስ ቩንደሪንክና ባልደረቦቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመው የተሻላቸውን 103 ሰዎች ተከታተሉ። ገሚሶቹ መድኃኒታቸውን በሐኪም እየታዩ ቀስ በቀስ ቀነሱ ወይም አቆሙ፣ ገሚሶቹ ቀጠሉ። መጀመሪያ ላይ የቀነሱት በሽታው ቶሎ ቶሎ ተነሣባቸው። በሰባተኛው ዓመት ግን በሽታው ጋብ ብሎላቸው ወደ ሥራና ወደ ኑሮ በመመለስ የቀነሱት በልጠው ተገኙ፤ አርባ ከመቶ ለአሥራ ስምንት ያህል ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ከሆንግ ኮንግ ተቃራኒው መጣ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ታክመው ከዳኑ በኋላ መድኃኒት ያቆሙት ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ክፉ ላይ የወደቁት 39 ከመቶ ሆኑ፣ ከቀጠሉት ግን 21። የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ለእኔ ግን ሁለቱ የሚገጥሙበት ቦታ ይታየኛል፦ ሆላንድም ሆነ ሆንግ ኮንግ፣ በሽታው ጋብ ያላለለትን ሰው፣ በአንድ ቀን፣ መድረክ ላይ ያስጣለ የለም። ታናሻችን ሲሻለውና ሲቆይ መቀነስ ይቻላል ወይ ብለህ ሐኪሙን ብትጠይቀው፣ እኔ አብሬህ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ታናሻችን የሚሰማውን ድምፅ ማለቴ ነው።

ሌሊት ከቡናው መሀል አባባ ይጠራኛል ይላል። አባባ ነው የሚያናግረው፤ «የእናትህን እህል አትብላ» ይለዋል። አንተ ይህ የአባታችን ድምፅ ሊሆን አይችልም፣ የርኩስ መንፈስ ነው ትላለህ። አባባ እንዲህ እንደማይል እኔም አውቃለሁ። ታንያ ሉርማን የምትባል ተመራማሪ ከሕንድና ከጋና ባልደረቦቿ ጋር ሆና በካሊፎርኒያ፣ በአክራና በቼናይ ድምፅ የሚሰማቸውን ሃያ ሃያ ሕመምተኞች ቁጭ ብላ አነጋገረች። አሜሪካኖቹ የሚሰሙት ድምፅ በብዛት የሚሳደብና የሚያስፈራራ ነው። ቼናይ ያሉት የዘመዶቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ያዟቸዋል፣ ይቆጧቸዋል። አክራ ላይ ብዙዎቹ የሚሰሙት እግዚአብሔርን ነው፣ ደስም ይላቸዋል። አየህ፣ ሕመሙ ይመጣል፤ ማን ሆኖ እንደሚናገር ግን ሰውየው ያደገበት ቤት ይሰጠዋል። የእኛ ልጅ የሚወደውና የሚፈራው ሰው አባባ ስለነበረ፣ ሕመሙ የአባባን ድምፅ ይዞ መጣ። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። አንተ በሌላ መንገድ ልትረዳው ትችላለህ፤ በዚህ ላይ አልከራከርህም። አጋንንት የሉም አልልህም፤ አንድ ወንጌል ነው ያሳደገን።

ግን ስለ ወለጋ ላስታውስህ። ወንጌልና ሕክምና ወደ እኛ አገር የመጡት በተለያየ መንገድ አይደለም። የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን በኩል ሳዮ (ደምቢ ዶሎ) ሲገባ ሐኪምም ሚስዮናዊም ነበር፤ የደምቢ ዶሎ ቤተ ክርስቲያንና ክሊኒክ አብረው ነው የተተከሉት። ነቀምት ስዊድኖቹ፣ አይራ ጀርመኖቹ፣ ጊምቢ አድቬንቲስቶቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እማ እኔን ስትገላገል የያዘቻት አዋላጅ መጀመሪያ ጸለየችላት፣ ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች፤ ማንም ሰው እምነት ጎደላት አላላትም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ መጋቢ ከመሆኑ በፊት እዚሁ ነቀምት በሚሲዮኑ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ረዳት ነበር። እሱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችውን ደብዳቤ አንተ ነህ ያስነበብከኝ፤ የሰውን ሥጋና ነፍስ ለያይታችሁ አንዱን ብቻ አትርዱ የሚለውን። ያ ደብዳቤ የተጻፈው ለክሊኒክ ገንዘብ እየሰጡ ለስብከት እምቢ ላሉ ነጮች ነበር። ዛሬ እኔ ለአንተ የምጽፈው ከሌላው ወገን ነው፤ ለሥጋው ሐኪም፣ ለአእምሮው ግን ጸሎት ብቻ ብላችሁ ሰውየውን ለሁለት አትክፈሉት።

ደግሞ ቄስ ጊዳዳ ሶላንን አስብ። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኖቹን ወሰደበት፣ ማየት ሳይችል ዕድሜውን ሁሉ ደምቢ ዶሎ ላይ ሰበከ። ዓይኑ ስላልበራ እምነቱ ጎደሎ ነው ብሎ ያሳፈረው የለም፤ እንዲያውም እናከብረዋለን። ታናሻችን ግን ሦስቴ ጸልየንለት አልተለወጠም ተብሎ፣ «የሚደብቀው ኃጢአት አለ» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ማን እንዳለው አልጽፍም፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ፣ ዝምም ብለሃል።

ጸሎቱና መድኃኒቱ አብረው አይሄዱም የሚልህም ካለ የጋናን ነገር ንገረው። አንድ የጸሎት ካምፕ ውስጥ አንጄላ ኦፎሪ-አታ የምትባል ጋናዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር 139 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈለች፤ ሁሉም ጸሎቱንና ጾሙን እንደ ወትሮው ይቀጥላሉ፣ ገሚሶቹ ግን እዚያው ካምፑ ውስጥ ሐኪም እየመጣ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። በስድስት ሳምንት ውስጥ መድኃኒት ያገኙት በግልጽ ተሻላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ናይጄሪያና ጋና ውስጥ የሃይማኖትና የባህል ፈዋሾች ከጤና ጣቢያ ሠራተኞች ጋር እንዲሠሩ ተደርጎ 307 ሰው ሲታይ፣ ትብብሩ ባለበት ያሉት በልጠው ተገኙ። ፈዋሾቹን ማንም አላባረራቸውም፤ እንግዳ ሆኖ የመጣው ሐኪሙ ነው።

ያ የጋናው የጸሎት ካምፕ ጥናት ግን አንድ ያሳዘነኝ ነገር አለው። መድኃኒት ያገኙት ሰዎች ቢሻላቸውም፣ በሰንሰለት ታስረው የዋሉባቸው ቀኖች ብዛት አልቀነሰም። የተሻለው ሰው እንኳ ታስሮ ዋለ። ምክንያቱም ሰንሰለት የሚፈታው በክኒን አይደለም፤ አንድ ሰው «ይፈታ» ማለት አለበት።

ባለፈው ነጆ እናንተ ጋ መጥቼ ታናሻችንን ተራራው ጸሎት ቤት ሳየው ቁርጭምጭሚቱን አየሁ። ሰንሰለቱ እንዳይበላው ከሥሩ የተጠቀለለ ጨርቅ ነበረ፤ ከድሮ ሸሚዝ የተቀደደ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። ያንን ሸሚዝ የገዛሁልህ እኔ ነኝ። ያሰሩት የጸሎት ቤቱ ሰዎች ቢሆኑም፣ ሌሊት ሄደህ ጨርቅ የጠቀለልክለት አንተ ነህ። ስለዚህ ጨካኝ ነህ አልልህም፤ ስለዚህ ነው እንዲህ አድርጌ ልጽፍልህ የደፈርኩት። ከጨርቁ በታች ያለው ቁስል ግን ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሽታም አለው። ሶዶ ላይ በእኛ አገር ተመራማሪዎች የታሰሩ ሰዎችን ቤተሰብ ሲያነጋግሩ ያገኙት አንተን ነው፤ የሚወድ፣ የደከመው፣ ቢፈታ ጠፍቶ ይገደልብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው። ሥጋትህን አልንቀውም። ያን ጊዜ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሌሊት የወጣበትን ቀን እኔም አልረሳሁትም።

በጌርጌሴኖን አገር ያለውን ሰው ደግሞ አንተ ከእኔ ይልቅ ሰብከህበታል። በእግር ብረትና በሰንሰለት ያሰሩት የከተማው ሰዎች ናቸው። ጌታ ሲደርስ ያገኘው በመቃብር መካከል ነው፤ ሲለየው ግን ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ፣ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጌታ ሰንሰለት የጨመረበት ቦታ የለም።

ስለዚህ የምለምንህ ጥቂት ነገር ነው። መንፈስ ነው ወይስ በሽታ ነው የሚለውን ዛሬ አንጨርሰውም፤ ምናልባት ሁለታችንም ሳንጨርሰው እንሞት ይሆናል። እሱ ግን ያን እስክንጨርስ መጠበቅ የለበትም። ከዚያ ቦታ አውርደው። ስትመጣ ብቻህን አትምጣ፤ የአጎታችንን ልጅ ያዝ፣ መኪና ውስጥ በመካከላችሁ ይቀመጥ፣ በመስኮት በኩል አታድርጉት። ጊምቢ ላይ ቢመሽባችሁ እዚያ እደሩ፤ በሌሊት አትንቀሳቀሱ። ቁስሉን ከመነሣታችሁ በፊት በለብ ያለ የጨው ውኃ እጠበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሌላ ነገር አትቀባበት። የቀረ ክኒን ካለ ከነላስቲኩ አምጣ፤ ስንት እንደጎደለ ማየት እፈልጋለሁ። ካርዱን እማ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ እንዳትረሳው።

እዚህ ሲደርስ ሐኪሙ ያየዋል። አስተኝቶ ማከም ካስፈለገ አብሬው አድራለሁ። አማኑኤል ድረስ መላክ ያስፈራሃል፣ አውቃለሁ፤ እማ «አማኑኤል» ሲባል ገና ስሙን ስትሰማ ታለቅሳለች። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን በአገሩ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ስለነበረ፣ ሰው እዚያ የሚሄደው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ነገር እዚሁ ነቀምት ይታከማል፣ አዲስ አበባ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል።

አንተም ዎርዱ ውስጥ እጅህን ጭነህ ጸልይለት። ማንም አይከለክልህም፤ እኔም አጠገብህ ቆሜ አሜን እላለሁ። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ፦ ስትመለስ፣ እሑድ መድረክ ላይ ስትቆም፣ «ክኒናችሁን አትጣሉ» በል። የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም ያንን እልልታ ሰምቶ የጣለው። ሰኞ ሰኞ ከነጆና ከመንዲ በኩል ተሸክመው የሚያመጧቸውን አያለሁ፤ አስታማሚዎቹ «መድኃኒቱን ለምን አቋረጠ?» ስላቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ያደርጋሉ። እኔ ብነግራቸው የነርስ ወግ ነው ብለው ይሄዳሉ፤ ከአንተ አፍ ሲሰሙት ግን ይይዙታል።

ለመኪና የሚሆን በቴሌብር ልኬልሃለሁ፤ ካነሰ ደውልልኝ፣ ከጎረቤት እንዳትበደር። ከመነሣታችሁ በፊት ደውል፤ ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። እማን አምጣት ካለችህ አምጣት፣ አልጋ አለኝ።

የምትወድህ እህትህ